«ሳይቃጠል በቅጠል» ለጦርነት ይሠራል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የውጭ ግንኙነት አምድ
(የውጭ አገር ክስተቶች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ «ዓ.ም.» የተባለባቸው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል።)

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ እኔ በአዲስ አበባ ዳር በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምኖር የኅብረተሰብ ትምህርት መምህር ነኝ። በእኛ ብሎክ እሑድ ከዕድር ስብሰባ በኋላ ቡና እየጠጡ በዜና ላይ መከራከር የተለመደ ነው፤ እስራኤልና አሜሪካ በ2025 የኢራንን የኒውክሌር ተቋማት ከመቱ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ መብራት ሲጠፋ እንኳ በጨለማ ይቀጥላል። ከመካከላችን በምሥራቅ ግንባር የተዋጉ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ጡረተኛ ሻምበል አሉ። የሚሉት እንዲህ ነው፦ «ሶማሊያ በሶቪየት መሣሪያ ስትደራጅ ዓመታት ሙሉ ቁጭ ብለን አየን፤ በመጨረሻ ጅጅጋን አስረከብን። ጠላት ሲታጠቅ እያዩ መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።» እኔ በበኩሌ አገርም እንደ ሰው ገና ባላደረገው ነገር አይቀጣም እላለሁ፤ ነገር ግን «መጠበቅ ያዋጣበትን ምሳሌ አምጣ» ሲሉኝ ከኩባ የሚሳይል ቀውስ ሌላ የምጠቅሰው አጣሁ። ስጋትን ገትቶ መያዝና ጥቃትን በሩቁ ማስቀረት የሚባለው ፖሊሲ በእርግጥ ይሠራል ወይስ የደካሞች ማጽናኛ ነው?
ከኮዬ ፈጬ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ሻምበል የያዙት ሐሳብ በቀላሉ የሚጣጣል አይደለም። እያደር የሚጠነክርን ባላንጣ ጊዜ ሳይሰጡ መምታት ብዙ መንግሥታት ያመኑበት ስሌት ነው። በ1914 የጀርመን የጦር አዛዦች ሩሲያ የጀመረችው የሠራዊት ግንባታ በ1917 ገደማ ሲጠናቀቅ የሚቋቋማት አይኖርም፤ ጦርነቱ ካልቀረ ዛሬ ይሻላል ይሉ ነበር። ያ የተፈራው 1917 ሲደርስ የሩሲያ ዘውድ በጦርነቱ ተንኮታኩቶ ወደቀ፤ በዓመቱ ግን የጀርመንም ዘውድ ተከተለው።

በቅድሚያ አንድ ጉዳይ ከክርክራችሁ ይውጣ። ጠላት ጦሩን ድንበር ላይ አሰልፎ ሊተኩስ ሲል ቀድሞ መተኮስ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ1837 ከካናዳ የተነሣ የእንግሊዝ ኃይል በናያጋራ ወንዝ ላይ ካሮላይን የተባለችውን የአሜሪካ መርከብ ካቃጠለ በኋላ፣ የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ዳንኤል ዌብስተር ያስቀመጡት መለኪያ ዛሬም ይጠቀሳል፤ አደጋው እጅግ የቀረበና የከበደ፣ ሌላ አማራጭም ሆነ የምክክር ጊዜ የማይሰጥ መሆን አለበት። እስራኤል ጁን 5 ቀን 1967 የግብፅን አየር ኃይል መሬት ላይ እንዳለ ስትመታ፣ ግብፅ የተባበሩት መንግሥታትን ሰላም አስከባሪ ከሲና አስወጥታ፣ በምትኩ የራሷን ሠራዊት አስገብታና የቲራንን የባሕር መተላለፊያ ዘግታ ነበር፤ ያም ሆኖ መለኪያው ተሟልቶ ነበር ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል። የእናንተ ሙግት ግን ከዚህ ራቅ ያለውን የሚመለከት ነው፤ ለመውጋት ገና ያልወሰነን፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማይወስንን አገር ነገ ይጠነክራል ብሎ ዛሬ መምታት ይገባል ወይ?

ለዚህ ትልቁ ፈተና የሶቪየት ኅብረት ጉዳይ ነው። ከ1945 እስከ ኦገስት 1949 ድረስ የአቶሚክ ቦምብ የነበራት አሜሪካ ብቻ ነበረች። የሻምበል ስሌት የማይታበል ቢሆን ኖሮ ከእነዚያ አራት ዓመታት የተሻለ ጊዜ አይገኝለትም ነበር፤ ባላንጣው በስታሊን የሚመራ፣ ምሥራቅ አውሮፓን በእጁ ያስገባና ቦምብ ለመሥራት ሌት ተቀን የሚደክም ኃይል ነበርና። ይህን በአደባባይ ያነሡ ባለሥልጣናትም አልጠፉም። በኦገስት 1950 የባሕር ኃይል ሚኒስትሩ ፍራንሲስ ማቲውስ ቦስተን ላይ ባደረጉት ንግግር ሰላምን ለማስከበር ጦርነት እስከ መጀመር መሄድ ይገባል የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ፤ የትሩማን አስተዳደር ወዲያው ንግግሩ የእርሱ አቋም እንዳልሆነ አስታወቀ፤ ማቲውስም በተከታዩ ዓመት አምባሳደር ሆነው ወደ አየርላንድ ሄዱ። (አምባሳደርነት መሸኛ የሚሆነው እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም።) ዋሽንግተን የመረጠችው ዲፕሎማቱ ጆርጅ ኬናን በ1946 ከሞስኮ ኤምባሲ በላኩት ረጅም ቴሌግራምና በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ ያመለከቱትን መንገድ ነው፤ የሶቪየት መስፋፋት በትዕግሥትና ሳያሰልሱ ከተገታ፣ ሥርዓቱ በውስጡ ባለው ድክመት ወይ ይለዝባል ወይ ይፈርሳል የሚል ነበር። ሁለቱ ኃያላን ፊት ለፊት ጦርነት ሳይገጥሙ ሶቪየት ኅብረት በዲሴምበር 1991 ፈረሰች። ቻይናም እንዲሁ ናት፤ በኬኔዲና በጆንሰን ዘመን የኒውክሌር ተቋሟን መምታት በዋሽንግተን በምስጢር ተመክሮበት ተተወ፤ በኦክቶበር 1964 ቦምቧን ሞከረች፤ ከስምንት ዓመት በታች ባለ ጊዜ ውስጥ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ቤይጂንግ ገብተው ከማኦ ጋር ተጨባበጡ።

የኩባን ጉዳይ ደግሞ ጠቅሰው ብቻ አይለፉት። ኦክቶበር 16 ቀን 1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ውስጥ የተከለቻቸው ሚሳይሎች ፎቶግራፍ ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሲቀርብ የጦር አዛዦቻቸው የመከሩት በአየር መደብደብንና ወረራ ማስከተልን ነበር። ወንድማቸው ሮበርት ኬኔዲ ያለ ማስጠንቀቂያ መደብደብን ጃፓን በፐርል ሃርበር ካደረገችው ጋር እያመሳሰሉ ሞገቱ፤ የአየር ኃይሉ ሰዎችም ሲጠየቁ ሚሳይሎቹን በሙሉ ለማውደም ዋስትና መስጠት አንችልም አሉ። ስለዚህ ደሴቲቱ በባሕር ኃይል ተከበበች፤ በ13ኛው ቀን የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን ለማንሣት ተስማሙ፤ አሜሪካም በምላሹ ቱርክ ውስጥ የተከለቻቸውን ጁፒተር ሚሳይሎች ለማንሣት በምስጢር ቃል ገባች። ከባዱ ነገር የተሰማው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የያኔው የመከላከያ ሚኒስትር ማክናማራ በ1992 ሃቫና ላይ በተደረገ ጉባኤ እንደሰሙት፣ ለጦር ሜዳ የሚውሉ አነስተኛ የኒውክሌር መሣሪያዎች ቀድመው ኩባ ገብተው ነበር፤ 10 ሺሕ ገደማ ይሆናሉ የተባሉት የሶቪየት ወታደሮችም ከ40 ሺሕ በላይ ነበሩ። ወረራው ታዝዞ ቢሆን ኖሮ የአሜሪካ ወታደሮች ከባሕር የሚወርዱት አዛዦቻቸው መኖሩን በማያውቁት የኒውክሌር መሣሪያ ፊት ነበር። ቀድሞ ለመምታት የሚያስብ መንግሥት የሚተማመነው በስለላ መረጃ ነው፤ በኩባ ደግሞ መረጃው ከሰማይ በተነሣ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ የተደገፈ ነበር።

አሁን ወደ ሻምበል ምሳሌ እንመለስ። ያዩትን ያዩ ሰው ናቸውና በአክብሮት ልናገር፤ የኦጋዴን ጦርነት ከእርሳቸው ይልቅ ለእርስዎ የሚመሰክር ይመስለኛል። ጦርነቱን የከፈተው ዚያድ ባሬ ነው፤ ጊዜውን የመረጠውም በዚሁ «ዛሬ ካልሆነ መቼም አይሆንም» በሚለው ስሌት ነው። የታላቋ ሶማሊያ ዓላማ ቀድሞም የነበረ ቢሆንም፣ በ1969 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራዊት በኤርትራው ጦርነትና በደርግ የውስጥ ሽኩቻ ተዳክሞ፣ የአሜሪካ መሣሪያ ተቋርጦ፣ የሶቪየቱ ደግሞ ገና መግባት ጀምሮ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው ክፍተት ነገ እንደሚደፈን ሞቃዲሾ ታውቅ ነበር። በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጦሩን አስገባ፤ በመስከረም ጅጅጋ ተያዘች፤ በኅዳር የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረ፤ በየካቲት 1970 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተሸንፎ ጦሩን ማስወጣቱን አስታወቀ። መንግሥቱ ከዚያ ሽንፈት ሳያገግም ቆይቶ በጥር 1983 ዓ.ም. ወደቀ።

ከዚያ በፊት የነበረውንም ሻምበል ያስታውሱታል። ከ1956 ዓ.ም. የድንበር ግጭት በኋላ ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል በሁለቱ አገሮች መካከል ትልቅ ጦርነት አልነበረም። ኢትዮጵያ ከኬንያ ጋር የጋራ መከላከያ ስምምነት ነበራት፤ አየር ኃይሏ በአካባቢው የሚፈራ ነበር፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱ ድንበሮች እንዲከበሩ ወስኖ ስለነበር የሶማሊያ ጥያቄ በአህጉሩ ደጋፊ አልነበረውም፤ የሶማሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኢጋልም ወደ ንግግር አዘንብለው ነበር። ጥቃትን በሩቁ ማስቀረት በተግባር ይህን ይመስላል። የፈረሰውም ባላንጣው ስለታጠቀ ብቻ አይደለም፤ የሚያስፈራው ኃይል አዲስ አበባ ውስጥ እርስ በርሱ ሲጠፋፋ ነው። ሻምበልን ደግሞ ይህን ይጠይቋቸው፦ ኢትዮጵያ ቀድማ ወግታ ቢሆን ኖሮ ጅጅጋን ለማስመለስ የመጣው የኩባ ሠራዊትና የሶቪየት መሣሪያ በማን በኩል ይሰለፍ ነበር? ወደ እኛ እንዲያዘነብሉ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ድንበር የጣሰችው ሶማሊያ መሆኗ ነው።

ለዜናው መነሻ ወደሆነው የኢራን ጉዳይ ስመጣ ኢራቅን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ጁን 7 ቀን 1981 የእስራኤል አውሮፕላኖች ባግዳድ አጠገብ ያለውን የኦሲራክ የኒውክሌር ማብለያ አወደሙ፤ የጸጥታው ምክር ቤት አሜሪካንም ጨምሮ በሙሉ ድምፅ አወገዘ። ድብደባው ዛሬም ድረስ ለቅድሚያ ጥቃት እንደ ዋና ማስረጃ ይቀርባል። ነገር ግን ሳዳም ሁሴን ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙን ወደ ድብቅ ቦታዎች አዛውሮ በብዙ እጥፍ አሰፋው፤ መጠኑ የታወቀው ከ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ ተቆጣጣሪዎች ሲገቡ ነው፤ ያፈረሱትም እነርሱ ናቸው። ቀጥሎ 2003 መጣ። በሃንስ ብሊክስ የሚመሩት የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች ከኖቬምበር 2002 እስከ ማርች 2003 ከ700 በላይ ፍተሻዎች አድርገው የተከለከለ መሣሪያ ክምችት አላገኙም፤ ሥራቸውን ለመጨረስ ወራት እንደሚበቃቸውም ተናግረው ነበር። በ98 ዓመታቸው ያኔም በሕይወት የነበሩት ኬናን ጦርነት እንደጀመሩት አያልቅም ብለው አስጠነቀቁ። አልተሰሙም። ከወረራው በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ያሰማራው የቻርልስ ዱልፈር ቡድን በ2004 እንደዘገበው ክምችቱ ከ1991 ወዲህ የለም። ተገትቶ የነበረን መንግሥት ለመጣል ሲባል ከ4 ሺሕ 400 በላይ የአሜሪካ ወታደሮችና ከ100 ሺሕ በላይ ኢራቃውያን ሲቪሎች አለቁ።

ኢራን በ2015ቱ ስምምነት ዩራኒየም ከ3.67 በመቶ በላይ ላለማበልጸግ፣ ክምችቷንም ከ300 ኪሎ ላለማሳለፍ ተስማምታ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኢነርጂ ኤጀንሲ ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ገባች። አሜሪካ በሜይ 2018 ከስምምነቱ ወጣች፤ ኢራንም ገደቡን ደረጃ በደረጃ እያለፈች በ2021 ማበልጸጉን 60 በመቶ አደረሰችው። በጁን 2025 ናታንዝ፣ ፎርዶና ኢስፋሃን ሲመቱ 60 በመቶ የበለጸገው ክምችት ከ400 ኪሎ በላይ ነበር። ተቋማቱ ከባድ ጉዳት ደርሶባቸዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ድብደባውን ተከትሎ ኢራን ከኤጀንሲው ጋር የነበራትን ትብብር አቋረጠች፤ ተቆጣጣሪዎቹም ያንን ክምችት በዓይናቸው ማየት አቃታቸው። በእኔ ግምት በመዝገብ ተመዝግቦ በካሜራ የሚጠበቅ 300 ኪሎ፣ የት እንዳለ ከማይታወቅ 400 ኪሎ ይልቅ እንቅልፍ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ስል ገትቶ መያዝ ያለ ዋጋ ይገኛል ማለቴ አይደለም። ዋጋ ሳይከፈልበት ሲቀር ምን እንደሚሆን የእኛን ያህል የሚያውቅ የለም። ሙሶሊኒ ጦሩን በኤርትራና በሶማሊያ ሲያከማች ዓለም በግልጽ ያይ ነበር፤ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራው ሲጀመር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ ግን ነዳጅን አልነካም፤ የስዊዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቆየ። ሮም ዛቻው ባዶ መሆኑን አውቃ ገሰገሰች። ባላንጣው የማያምነው ማስጠንቀቂያ ከዝምታ የከፋ ነው፤ ቢያንስ ዝም የተባለ ሰው በሌላ ተማምኖ አይዘናጋም። በሌላ በኩል ከአልጀርስ ስምምነት (ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም.) እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር የኖርነውን «ሰላምም ጦርነትም የለም» ያስታውሱ። ትልቅ ጦርነት አልተነሣም፤ ሁለት ትውልድ ወታደር ግን ምሽግ ውስጥ አረጀ፤ የድንበር ከተሞች ንግድ ሞተ፤ ቤተሰብ ተለያየ። ሻምበል መጠበቅ ርካሽ አይደለም ካሉ በዚህ እስማማለሁ። ለጦርነቱ የሚወጣውንም በዚያው ሚዛን ያስቀምጡልን።

ጥያቄ፦ ጦርነት ይቅር፣ በማዕቀብና በቁጥጥር ይገታ የምትሉት ማዕቀቡ የሚያደቀው ሕዝቡን አይደለም ወይ? መሪዎቹ እንደሆነ አይራቡም።
ከለገጣፎ

መልስ፦ ትክክለኛ ወቀሳ ነው። በኦገስት 1990 በኢራቅ ላይ የተጣለው ማዕቀብ መድኃኒትና ሰብአዊ ምግብ ካልሆነ በቀር ሁሉንም ንግድ ዘጋ፤ ነዳጅ ሸጦ ምግብ የመግዣው ፕሮግራም ሥራ የጀመረው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ፕሮግራሙን እንዲመሩ በተባበሩት መንግሥታት የተሾሙት ዴኒስ ሃሊዴይ በ1998፣ ተተኪያቸው ሃንስ ፎን ስፖኔክ በ2000 ማዕቀቡን ተቃውመው ሥራቸውን ለቀቁ። (በዚያ ዘመን በየጋዜጣው የተጻፈው የግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት ሞት ግን በኋላ በተደረጉ ጥናቶች አልተደገፈም፤ ሲጠቅሱት ይጠንቀቁ።) ሳዳም በበኩሉ የሕዝቡን ራሽን የሚያከፋፍለው እርሱ በመሆኑ ሥልጣኑን አጠናከረበት።

ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ማዕቀብን ማጥበብ ነው። በ2009 በኤርትራ ላይ የተጣለውን ያስታውሱ፤ የጦር መሣሪያ ንግድን፣ የተወሰኑ ባለሥልጣናትን ጉዞና ንብረት እንጂ ዳቦን አልከለከለም፤ በኖቬምበር 2018ም ተነሣ። ጠባብ ማዕቀብ አስደናቂ ውጤት አያመጣም፤ አዝጋሚ ነው፤ የሚያመልጡትም ብዙ ናቸው። የኢራቁን ዓይነት ሰፊ ማዕቀብ ግን እኔም ቢሆን ከጦርነት የተሻለ ነው ብዬ አልከራከርለትም።

ጥያቄ፦ መንግሥታችን በ1999 ዓ.ም. ሶማሊያ የገባው ቀድሞ ለመምታት ነው ወይስ ራሱን ለመከላከል? ውጤቱንስ እንዴት ታዩታላችሁ?
ከሰበታ

መልስ፦ ሁለቱንም የሚያስብሉ ነገሮች አሉት። የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በግንቦት 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሞቃዲሾን ከያዘ በኋላ ከመሪዎቹ አንዳንዶቹ በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አውጀዋል፤ ከአሥመራ ድጋፍ ያገኙ እንደነበርም የተባበሩት መንግሥታት ተቆጣጣሪዎች ዘግበዋል። ታኅሣሥ 15 ቀን 1999 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ እርምጃውን ራስን መከላከል ብለው ሲያሳውቁ የሚጠቅሱት ነገር ነበራቸው ማለት ነው። በአንጻሩ የኅብረቱ ታጣቂዎች በዚያን ጊዜ ባይደዋ ያለውን የሽግግር መንግሥት ይዋጉ ነበር እንጂ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ለመሻገር በሚያስችል ቁመና ላይ አልነበሩም፤ በካሮላይኑ መለኪያ ከተመዘነ አደጋው «ነገ ጠዋት» የሚባል ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ እኔ የምመድበው ወደ ቅድሚያ ጦርነት ጠጋ አድርጌ ነው፤ በዚህ የማይስማሙ ብዙ መሆናቸውንም አውቃለሁ።

ውጊያው ራሱ በቀናት አለቀ፤ ሞቃዲሾ የተለቀቀችው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የከበደው ከዚያ ወዲያ ያለው ነበር። ከኅብረቱ ክንፎች አንዱ ብቻ የነበረው አልሸባብ የውጭ ጦርን እዋጋለሁ በሚል ስም ሰው እየመለመለ ዋነኛው ኃይል ሆነ። የኢትዮጵያ ጦር በጥር 2001 ዓ.ም. ለቆ ወጣ፤ በ2004 ዓ.ም. እንደገና ገባ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረትን ተልእኮ ተቀላቀለ። ጦሩ በወጣበት በዚያው ጥር ወር መጨረሻ ላይ ጅቡቲ የተሰበሰበው የሶማሊያ ፓርላማ ፕሬዚዳንት አድርጎ የመረጣቸው የቀድሞውን የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ሊቀ መንበር ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድን ነበር፤ አዲስ አበባም ተቀብላ አብራቸው ሠራች።